በሌላ ሰው ድምፅ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ፍሬገነት እንደ ልማዷ ዛሬ ከሆሳዕና ደወለች። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አወራችኝና ወደ ንግግሬ መጣች። ዩኒቨርሲቲው የሥራ ዘመኔን ለማሰብ በሐምሌ ስብሰባ ጠርቷል።

«ዘንድሮም በእኔ ልትጀምሪ ነው?» አለችኝ።

«ምሳሌ ነው» አልኳት። «ስምሽን ጠርቼ አላውቅም።»

«አንድ እህት ብቻ እንዳለሽ አገር ያውቃል። እኔ ምሳሌ አይደለሁም፣ ኤርጎጌ።»

ዘጋችው።

ምሳሌው ይህ ነው። ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ እናታችን ሞተች። ፍሬገነት ፈተናዬን እስክጨርስ ብላ ደበቀችኝ። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ በሀዲይኛ የምትነግራትን በአማርኛ አሳምራ የምትጽፍልኝ ድሮም ፍሬገነት ነበረች። እናታችን ከተቀበረች በኋላም መጻፏን አላቋረጠችም። እኔ ስለ ክፍሌ ብርድ፣ ስለ ምግቡ፣ በአፈር ውስጥ ላለች ሴት መልስ እጽፍ ነበር። ሥራዬ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ነው። ሞትን ከልጅ መደበቅ ልጁን ከሞቱ ይልቅ ይጎዳዋል የሚለው መመሪያዬ ዛሬ የማላውቃቸው ሐኪሞች እጅ ላይ አለ።

መልሼ ልደውል ስልኩን አነሣሁ፤ አስቀመጥኩት። የዘጋችው እሷ ናት። ደግሞም ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሶፎንያስ መጣ። ካስተማርኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ እኔ የመሠረትኩትን የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሁን እሱ ይመራል። ሀይፋ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዳይለት ይፈልጋል። አባቷ ሚፍታህ ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ በምንለው ትንሽ ሱቁ ውስጥ በጥይት ተገደለ። አስከሬኑ ወራቤ ተልኮ ተቀበረ። ልጅቷ አልተነገራትም። ጫማዋን ካላደረገች አትተኛም።

«ጡረታ ላይ ነኝ» አልኩት።

«እናቷ ኢዳ ላይ ናት፣ የባሏን ሐዘን እስክትጨርስ ከቤት ስለማትወጣ ወደ ክሊኒክ አትመጣም። አማርኛ የሚያዋራቸው ይፈልጋሉ። የእኔን አማርኛ ደግሞ ፕሮፌሰር ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ሐሙስ እሄዳለሁ አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሜይፌር ሰፈር፣ ከብርድ ልብስ ማከፋፈያ በላይ ያለ ቤት። እናትየዋ ራዚያ ቀጭን ናት፤ ስትናገር ዓይኗ በሩ ላይ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ጣሃ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያለውን ሱቁን ለሰው ሰጥቶ እነሱ ጋ ገብቷል።

ለልጅቷ አባትሽ የታመመች አያትሽን ሊያይ አገር ቤት ሄደ ብለዋታል። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያልሰማሁት ቀጥሎ መጣ። ማታ ማታ ጣሃ ከሚፍታህ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ይልክላታል።

«ድምፃችን አንድ ነው» አለኝ። «ልጆች ሆነን አባታችን እንኳ ይሳሳት ነበር።» ከፍቶ አሰማኝ። «ሀይፋዬ፣ አያትሽ ተሽሏታል። ትምህርትሽን በርቺ። እናትሽን እንዳታስቸግሪ።»

ጨካኝ ሥራ ነው አልኩት። ቃሉን በእናትየዋ ፊት መናገር አልነበረብኝም።

«እሺ ማዘር፣ አባቴ ለምን አይደውልም ስትል ምን እንበላት?»

«እውነቱን። በእናቷ አፍ፣ ሞተ በሚለው ቃል። ሄደ አይባልም፣ አረፈ አይባልም።»

«ፈተናዋን እስክትጨርስ ብቻ» አለች ራዚያ።

ፈተና። የፍሬገነትም ቃል ይህ ነበር።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁለታችን ብቻ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጬ አልጠይቅም፤ ለእጁ ሥራ እሰጠዋለሁ። መንደሪን ይዤ ነበርና አብረን ላጥን። ስሜን ነገርኳት።

«ጎጎ ኤርጎጌ» ብላ ሳቀች። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። በቤቱ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ፍሬገነት አልደወለችም። እስከ ምሽት ስልኩን አጠገቤ አኖርኩት። አኩርፋለች። ኩርፊያዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ረጅም ነው።

እኔም አልደወልኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አብራኝ የምትኖረው የሟቹ ወንድሜ ልጅ ፅናት ከፋርማሲው በጊዜ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። የክረምቱ አቧራ ነው አለች። እውነትም የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ተቃጥሏል።

ሲመሽ ሶፎንያስ ያለ ቀጠሮ መጣ። ከፅናት ጋር ወጥ ቤት ቆመው ያወሩ ነበር። «ከልብ ሐኪሙ ቀጠሮ በፊት አይሆንም» ሲል ሰማሁ። ስገባ ዝም አሉ።

«ስለ ንግግሩ ነው፣ ፕሮፌሰር» አለኝ። «እንዳይደክሙ ብለን ነው።»

የልቤ ምርመራ በሰኔ መጨረሻ ነው። ንግግር ልብን እንደማይገድል ነገርኩት። አልሳቀም። በፊት ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ከፍሬገነት ስልክ የጽሑፍ መልእክት። «እህቴ፣ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። ለዚህ ነው ያልደወልኩት። አንቺ ለራስሽ እወቂ። እወድሻለሁ።»

ለስላሳ ሆናለች። እርጅና ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ከአምልኮ በኋላ ዱባለና ባለቤቱ መጡ። ቴምቢሳ ሱቅ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ እሑድን ከሰዓት ለማንም አይሰጥም። ዳቦ ይዘዋል። ከዚያ ጸለየ፤ ረዘመ፤ ጌታ የመጽናናትን መንፈስ ለዚህ ቤት እንዲልክ ለመነ።

«ማን አዝኖ ነው?» አልኩት አሜን ካልን በኋላ።

«ዓለሙ ሁሉ፣ እትዬ» አለ ዱባለ። ባለቤቱ በክርኗ ጎሰመችው።

ጸሎት ሲያሳጥር ይሻለዋል። ጓዙ ሲበዛ ሐሳቡ ይጠፋል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ዛሬ ሀይፋ ሳልጠይቃት ተናገረች። መንደሪኑ ላይ ያለውን ነጭ ክር አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር።

«ጎጎ፣ የሚልክልኝ አባቴ አይደለም። አጎቴ ነው።»

እጄን አላቆምኩም።

«አባቴ መጀመሪያ ሳውቦና ብሎ ሰላም ይለኛል። ደንበኛ ሲገባ እንደሚለው። እኔም ዬቦ ባባ እለዋለሁ። ጨዋታችን ነው። አጎቴ ይሄን አያውቅም። ደግሞ ከማውራቱ በፊት ይተነፍሳል።»

«አባትሽ የት ያለ ይመስልሻል?»

«ሞቷል» አለች። ቃሉን እንዲሁ አለችው። «ሌቦቹ የመጡ ቀን። ጫማዬን ሳላደርግ ተኝቼ ነበር፤ ተሸክመውኝ ነው የሮጡት። እናቴም እግሯ ባዶ ነበር።»

«ለምን እንደምታውቂ አልነገርሻቸውም?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከነገርኳቸው እኔ ፊት ማልቀስ አለባቸው። አሁን ሽንት ቤት ገብተው፣ ውሃውን ከፍተው ነው የሚያለቅሱት። ይሻላቸዋል። አጎቴ ሲልክልኝ እመልስለታለሁ። እንዳይከፋው።»

ሌላ ክር እየለቀመች፣ «እንዳትነግሪያቸው» አለች።

ለልጅ ምስጢር እጠብቃለሁ ብለህ ቃል አትግባ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃል አልገባሁም። ግን አልተናገርኩም። ሶፎንያስ ወደ ቤት ሲያደርሰኝ «ምን አለች?» ሲለኝ «መንደሪን ትወዳለች» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

እንደገና የጽሑፍ መልእክት። ድምፄ ገና ነው፣ መብራትም ይጠፋል፣ ስለ እኔ አታስቢ።

ረጅም ጉንፋን ነው።

ልጆች ሆነን ከጓሮ ስለነበረችው ላም ልጠይቃት አሰብኩ። የእናታችንን ድስት ረግጣ የሰበረችው ዕለት ማን በሩን ክፍት እንደተወ የምናውቀው እኔና ፍሬገነት ብቻ ነን። ጥያቄውን ጽፌ ጨረስኩ። አጠፋሁት። ለታመመ ሰው የላም ጥያቄ አይላክም።

በፋንታው እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «በንግግሬ አልጀምርብሽም። ምሳሌውን አውጥቼዋለሁ። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት ማውጣት ነበረብኝ።»

መልሱ ዘገየ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ» ይላል።

ፍሬገነት እንዲህ አትልም ነበር። በመጨረሻ ገባሽ ወይ ትለኝ ነበር። ታሞ የደከመ ሰው ክርክር አይወድም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ፅናት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ በሚያገኝበት ሳምንት። በሩን አንኳኩቼ ልገሥጻት ሄድኩ። እጄን አንሥቼ ቆምኩ። ተመለስኩ።

ራት ላይ «የውሃ ነገር አደራ» አልኳት።

«እሺ አክስቴ» አለች። «ሞት ሲመጣብሽም ሰዓት አላከበርክም ብለሽ ታርሚዋለሽ።» ልታስቀኝ ነበር የፈለገችው። የራሷን ቃል ሰምታ ደነገጠች፤ ሳህኖቹን አንሥታ ሄደች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ጣሃን ለብቻው አነጋገርኩት። ማከፋፈያው ውስጥ በብርድ ልብስ ክምር መካከል ቆሞ ዕቃ ይረከብ ነበር። መልእክቱን አቁም ልለው ነበር የሄድኩት።

«ላቆም ሞክሬያለሁ» አለኝ። «ማዘር፣ ስልኩን ይዤ እንደ እሱ ስናገር ሚፍታህን የምሰማው እኔ ነኝ። ድምፁ ያለው በእኔ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው። ካቆምኩ ማን አለው?»

«ከመናገርህ በፊት ትተነፍሳለህ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

«እንባዬን እየዋጥኩ ነው» አለ።

ጨካኝ ያልኩት ይህን ሰው ነው።

በመኪናው ውስጥ ሶፎንያስ አንድ ጥናት ያወራኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሐዘን ስለወደቀባቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ከማንም በላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለው ልጅ ሐዘኑን እንደ ትልቅ ሰው ሥራ አድርጎ ይሸከማል፣ ማንም ልጅ መሆኑን አያይም ብዬ ጽፌያለሁ። በስብሰባዎች ሁሉ ይጠቀሳል።

እናታችን ስትሞት ፍሬገነት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

እነዚያን ደብዳቤዎች የት ተቀምጣ እንደጻፈቻቸው ጠይቄያት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

መልእክት መጣ። ደህና ነኝ፣ ጸልዪልኝ።

«ደብዳቤዎቹ ያማሩ ነበሩ» ብዬ መለስኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ማንም ያንብበው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ራዚያን አነጋገርኩ። ልጅቷ ታውቃለች አላልኩም። ለመስማት ተዘጋጅታለች አልኩ። የተናገርኩት ውሸት አይደለም፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነትም አይደለም። ሚስ ሊንድ፣ የሚሲዮኑ አስተማሪያችን፣ ለዚህ ዓይነቱ መልስ መዳፍ ላይ በማስመሪያ ትመታ ነበር።

«አልችልም» አለች ራዚያ። «አፌ አይከፈትም። ዝም ብላ ብትረዳው ምን አለ? ትልልቅ ሰዎች እንኳ እስኪጠነክሩ ይጠበቃል። እርስዎ ራስዎ፣ እማማ፣ ልብዎ እስኪ—»

ጣሃ በጉራጊኛ ይሁን በስልጢኛ አንድ ቃል አላት። ንግግሯን አቋረጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። ሻይ ልታመጣ ተነሣች።

ልቤን እንዴት አወቀች? ሶፎንያስ ነግሯት ይሆናል። ወሬ ይወዳል። አልጠየቅኩም።

ስትመለስ እጇን ያዝኩ። «ስትነግሪያት አብሬሽ እሆናለሁ» አልኳት። «አሳምረሽ ባትናገሪም ግድ የለም። ብታለቅሺም። እሷ ፊት አልቅሺ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ተነገራት።

ራዚያ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሀይፋን ጭኗ ላይ አደረገቻት። «አባትሽ ሞቷል» አለች። ቃሉን አልሸሸችውም። ጣሃ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር፣ ሽንት ቤት አልገባም።

ሀይፋ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸች። ፊቷን ለማየት ቀረብ አልኩ፤ የማስመሰል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በእውነት ገና አሁን መስማቷ ነበር። ማወቅና መነገር ሁለት ነገር ናቸው። ሰው የሚያውቀውን ብቻውን ይይዘዋል፤ የተነገረውን ግን ከነጋሪው ጋር ነው የሚይዘው። በመመሪያዬ ውስጥ ይህ የለም። አንድም ቦታ።

ስትረጋጋ ወደ አጎቷ ዞረች። «አሁንም ማታ ላክልኝ» አለችው። «ግን በራስህ ስም።»

ጣሃ ራሱን ነቀነቀ።

ማታ ራዚያ ለፅናት ደወለች፤ ቁጥሯን ሶፎንያስ ሰጥቷታል። ልጅቷ ጫማዋን አልጋው ሥር አድርጋ ተኛች አለች። አልጋው ሥር እንጂ ሩቅ አይደለም። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ከሆሳዕና ምንም መልእክት የለም። እኔም አልጠበቅኩም።

ፅናት ስትገባና ስትወጣ ታየኛለች። «ፍሬ አልደወለችም?» እንድላት ትጠብቃለች መሰለኝ፤ ትፈራለችም። አላልኳትም። ሾርባ ሠርቼላት ጠጣች። ከስታለች ልጄ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ንግግሩን ከመጀመሪያ ጻፍኩት። በማን እንደምጀምር አላውቅም። የመጀመሪያው አንቀጽ ባዶ ነው፤ ከባዶው በታች ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው።

ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

የልብ ሐኪሙ ጋ ሄድን። ልቤ ከዓምናው ይሻላል። ለዕድሜዬ የሚያኮራ ነው አለ።

ደስ ይላታል ብዬ ወደ ፅናት ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

ማታ ሶፎንያስ ደወለ። «ፕሮፌሰር፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ይኖራሉ?»

«በስንት ሰዓት?» አልኩት።

«በጠዋት» አለ። «በጣም በጠዋት።»

«እኖራለሁ።»

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ቀኑን ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። የመመገቢያ ክፍሉን ወንበሮች ወደ ሳሎን አወጣሁ፤ ከጎረቤትም ተዋስኩ። በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኳቸው፤ መካከሉን ባዶ ተውኩ። ፅናት ከሥራ ገብታ አየቻቸው።

«ምንድን ነው አክስቴ?»

«ወለሉን ልወለውል ነው።»

ጥቁሩን ቀሚሴን ተኮስኩ። ለንግግሩ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ጎህ ሳይቀድ መጡ። ዱባለ ሱቁን ሳይከፍት ከቴምቢሳ፣ ባለቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። ሶፎንያስ። ጣሃም ሀይፋን ይዞ መጣ፤ ራዚያ መውጣት ስላልቻለች ልጇን ልካለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሁሉም ነጠላና ብርድ ልብስ ደርበዋል። ለብሼ ነበር የጠበቅኳቸው። ወደ ሳሎኑ ገብተው ወንበሮቹን አዩ፤ ማንም ማንንም አላየም።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

ዱባለ ግን ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው በዚህ ምድር እንግዳ ነው ብሎ ጀመረ።

«ቃሉን በለው» አልኩት።

አልቻለም። ሶፎንያስን አየሁት። ለተማሪዎቹ ሁሉ ይህን ቃል የሚያስተምር እሱ ነው። አንገቱን ደፋ።

የተናገረችው ፅናት ናት። መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች፣ ጉልበቴን ያዘች። «አክስቴ ፍሬገነት ሞታለች» አለችኝ። «በእንቅልፏ ነው። በግንቦት። መልእክቶቹን የጻፍናቸው እኔና ልጇ ነን። ይቅር በይን። ሐኪሙ እስኪያይሽ ብለን ነው። ደብዳቤዎቹ ያማሩ ነበሩ ያልሽውን መቃብሯ ላይ አስነብበንላታል።»

የጮኸው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ሴቶቹ ሲይዙኝ ነው።

ከረፋዱ ሰው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ሀይፋ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ከኪሷ መንደሪን አወጣች፤ መላጥ ጀመረች። ክሩን አንድ በአንድ ለቀመች።

«ጎጎ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ለልጅ አትዋሹ ብዬ አስተምሬያለሁ።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩትን ወንበሮች አየች። አንድም አልጎደለም፤ የመጣ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ከዚያ እኔን አየችኝ። መንደሪኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።